የተከተሉኝ መምህር

መካነ ሰላም ለሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት መምህራን ስለ ኦቲዝም ስልጠና ልሰጥ ሄጄ ነበር። ፊት ለፊት የተቀመጡ አንድ ጎልማሳ መምህር ገና ሳልጀምር በጥርጣሬ ያዩኛል።

«እንዲህ ያሉትን ልጆች ከየቤቱ አፈላልጋችሁ የት ልትወስዷቸው ነው?» አሉኝ።

«የትም አንወስዳቸውም። እዚሁ ከእኩዮቻቸው ጋር እንዲማሩ ነው።»

«ፎቶስ ታነሷቸዋላችሁ?»

«ኧረ በፍጹም!»

አላመኑኝም። ስልጠናው አልቆ ወደ መናኸሪያ ስሄድ ከኋላዬ ሲከተሉኝ አየሁ። ደንግጬ እርምጃዬን ባፈጥን እሳቸውም አፈጠኑ። ሚኒባሱ በር ላይ ደረሱብኝና ግራ ቀኙን አይተው ጠጋ አሉኝ።

«አብሽሪ እህቴ፣ ለክፉ አይደለም» አሉኝ በሹክሹክታ። «እንደነገርሽን ያለች ሴት ልጅ አለችኝ። ሰው እንዳያያት ቤት ቆልፌባት ነው ለማስተማር የምወጣው። ነገ ይዣት ብመጣ፣ ባልደረቦቼ ዛሬ ያልሽውን ያደርጉላታል?»