የወንድሜ ሸሚዝ ቁልፎች

የወንድሜ ሚስት ልብስ ሰፊ ናት፤ ወንድሜ ደግሞ ቤት ቀቢ። ከቁመቱ የተነሳ ሰፈሩ በሙሉ “መሰላሉ” ነው የሚለው። ሥራ ላይ ከመሰላል ወድቆ ሆስፒታል ሲተኛ፣ ሊጠይቁት የመጡ ጓደኞቹ “መሰላል ከመሰላል ወደቀ” ብለው ሊያስቁት ሞከሩ። እሱ ሳቀላቸው። ሚስቱ ግን አንድ በአንድ ገላምጣ፣ ያመጡትን ብርቱካን ተቀብላ አስወጣቻቸው።

የዳሌው ስብራት ቀስ በቀስ ዳነ፤ በክራንች ጀምሮ ወደ ከዘራ ተሸጋገረ። ጭንቁ ቀኝ እጁ ነበር። ክርኑ ሲሰበር ነርቩ ስለተጎዳ ጣቶቹ እሺ አይሉትም። ብሩሽ የሚይዝበት እጁ ነው። ሐኪሞቹ “ነርቩ እያገገመ ነው፤ ግን ጣቶቹ ካልሠሩ መገጣጠሚያቸው ይደርቃል፤ ያኔ ብሩሹን ይርሳው” አሉን። ወንድሜ ከጎረምሳነቱ ጀምሮ ከቀለም ሌላ ሥራ አያውቅም። ያለ ሥራው ምን እንደሚሆን እኔም ሆንኩ ሚስቱ ደፍረን አናነሳውም ነበር።

እኔ ታላቅ እህቱ ነኝ፤ እዚያው ግቢያቸው ውስጥ ባለችው ክፍል ነው የምኖረው። ስለዚህ የቤታቸውን ነገር አያለሁ፤ ባላይም እሰማለሁ። ከሆስፒታል በተመለሰ ማግስት ወንድሜ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ከሸሚዙ ቁልፍ ጋር ግብግብ ገጠመ። ላቡ በግንባሩ ወረደ። ሚስቱ ትንሽ አየችና አንጀቷ አልቻለም።

“እኔ እያለሁልህ! ምን አስቸገረህ?” ብላ ቆለፈችለት።

በዚያው ቀን ሱቋን ዘግታ የቁም ሳጥኑን ሸሚዞች ሁሉ አወጣች። ቁልፎቹን በመቀስ በጣጥሳ፣ በቦታቸው ሲጫኑት ጥብቅ የሚል፣ ሲስቡት የሚላቀቅ ጨርቅ ሰፋችበት። ታዲያ ባሏ ከሰው እንዳያንስ ብላ፣ ቁልፎቹን ከላይ ለዓይን ያህል መልሳ ተከለቻቸው። የተቆለፈ ሸሚዝ እንጂ ሌላ አይመስልም። ሱሪውን በላስቲክ አደረገችው። የጫማውንም ክር አውጥታ ላስቲክ አስገባችበት። እኔ ራሴ “እጅሽ ይባረክ” ብያታለሁ። ምን ላድርግ፣ አምሮ ነበር!

ወንድሜ ንጉሥ ሆነ። ደረቱን መታ መታ ሲያደርግ ለብሷል፤ አንዴ ሲስብ አውልቋል። ዳቦው ተቆርሶ፣ ብርቱካኑ ተልጦ ይቀርብለታል። ቀኝ እጁ ጭኑ ላይ ተቀምጦ እንደ እንግዳ ይስተናገዳል።

ሆስፒታል ፊዚዮቴራፒ የምታሠራው ልጅ ግን ግራ ገባት። ወጣት ናት፤ ፈገግታዋ ለስላሳ፣ ዓይኗ የማይሸወድ። የላስቲክ ኳስ ታስጨብጠዋለች፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ ታጥፋለች፣ ለውጥ የለም። “ቤት ውስጥ ልብስዎን ራስዎ ነው የሚለብሱት?” ትለዋለች። “ራሴ ነኝ” ይላታል። አልዋሸም እኮ!

አንድ ቀን ሦስታችንም ሄድን። ክርኑን ልታየው ፈልጋ “ሸሚዝዎን ያውልቁልኝ” አለችው። ወንድሜ በግራ እጁ ጫፉን ይዞ ትርርር አደረገው፤ ሸሚዙ ከላይ እስከ ታች ተከፈተ። ልጅቷ ክው አለች።

“ይሄን ማን ሠራልዎት?”

“እኔ ነኛ!” አለች የወንድሜ ሚስት፣ ምስጋና ልትቀበል ከወንበሯ ብድግ ብላ።

ልጅቷ ስፌቱን ገልብጣ አየችው፤ ሳቋ መጣ፤ ሳቋን ዋጠችው። “እንዲህ ያለ ስፌት አይቼ አላውቅም” አለቻት በቀስታ። “ግን እኔ እዚህ የማሠራቸውን ጣቶች እርስዎ ቤት ሥራ ፈት እያደረጓቸው ነው። ቁልፍ ሲቆልፉ ነበር መዳን የነበረባቸው። ጊዜው ደግሞ እየሄደብን ነው።”

ቤት እንደደረስን የወንድሜ ሚስት ገብታ የስፌት መኪናዋ ላይ ተቀመጠችና ያለ ምንም ጨርቅ ትመታው ጀመር። ድምፁ ለቅሶዋን እንዲሸፍንላት ነው። እኔ ግን ሰማኋት። ከዚያ ፊቷን ታጥባ መቀሱን አነሳች።

“ምን ልታደርጊ ነው?” አላት ወንድሜ። “ተመችቶኝ ነበር እኮ!”

“ተመችቶህ ነዋ የደነዘዝከው! ዝም ብለህ አምጣው!”

ያን የሚጣበቅ ጨርቅ ሁሉ ተረተረችው። መጀመሪያ አንድ ሸሚዝ ላይ ትልልቅ የካፖርት ቁልፎች ተከለችበት፤ ቀዳዳቸውንም ሰፋ አደረገችው። አስቂኝ ሸሚዝ ነበር፤ ወንድሜ ግን እየተነጫነጨ ለበሰው። እነሱን ሲለምድ በመካከለኛ ቀየረችለት፤ ቀዳዳውን ጠበብ አድርጋ። ልጅቷም ስታይ ወደደችው፤ “ይሄማ ከእኔ ኳስ ይሻላል” አለች።

ከባዱ ነገር ለሚስትየው ነበር። ጠዋት ጠዋት እሱ ከውስጥ ቁልፎቹን ሲሳደብ እሷ ግቢ ውስጥ ትንቆራጠጣለች።

“እትዬ፣ እጄን ያዥልኝ፤ ገብቼ ልቆልፍለት ነው” ትለኛለች።

እይዝላታለሁ። ጣቶቿ በእጄ ውስጥ ይንቀሳቀሳሉ፤ የሌለ ቁልፍ ይቆልፋሉ። ሁሌም እወዳታለሁ፤ እነዚያን ጠዋቶች ግን ከወንድሜ አስበልጬ ወደድኳት። እሱ እንዳይሰማ።

በመጨረሻ ድሮ የሚያሠራው ኮንትራክተር ደወለ። የሚቀባ አንድ በር አለ፣ መጥቶ እጁን ይሞክር አለው። በዚያን ዕለት ወንድሜ በሩን ከውስጥ ዘጋና ማንንም አላስገባም አለ። ቆየ። በጣም ቆየ። የወንድሜ ሚስት እጇን እንድይዝላት እንኳ አልጠየቀችኝም፤ መዳፎቿን ብብቷ ውስጥ ደብቃ ቆመች።

ወጣ። ነጭ ሸሚዝ ለብሷል፤ ቁልፎቹ ደቃቆች፣ እውነተኛ የሸሚዝ ቁልፎች ናቸው። ከመጨረሻው በቀር ሁሉም ተቆልፈዋል፤ ግን አንድ ቀዳዳ ዘሎ ስለጀመረ አንዱ ኮሌታ ወደ ጆሮው ወጥቷል፣ የታችኛው ጫፍ አንዱ ረዝሞ ሌላው አጥሯል። እሱ አላወቀም። ልክ እንደ ሙሽራ ቆሞ ሚስቱን አያት።

እጇ ከብብቷ ወጥቶ እስከ ደረቱ ሊደርስ ምንም አልቀረውም። መለሰችው።

“አምሮብሃል” አለችው።

ከዘራውን ይዞ ወጣ። በሩ ላይ ሆነን መንገዱን ይዞ ሲሄድ አየነው። ጎረቤት ሰላም ይለዋል፤ እሱም አንገቱን ቀና አድርጎ ሰላም ይላል። እኔ አላስቻለኝም።

“አንቺ፣ ቁልፉ እኮ ተዛንፏል! የልብስ ሰፊ ባል ሆኖ እንዲህ ይሂድ? ጥሪውና አስተካክዪለት!”

“አይነካም!” አለችኝ፤ እንባዋ አገጯ ድረስ ወርዷል፣ ጥርሷ ግን አልተከደነም። “ሰው ሁሉ ይየው። በቀኝ እጁ ነው የቆለፈው።”