ግለሂስ ይቅደም

ኮሌጅ ሳለሁ «የጥሩ መምህር ባሕርያትን ዘርዝሩ» የሚል ጥያቄ ፈተና ላይ ወጥቶ፣ እንደማንኛውም ሰው ዘርዝሬ ሙሉ ነጥብ አግኝቻለሁ። ትምህርቱን የሚያውቅ፣ ሰዓት የሚያከብር፣ ታጋሽ። ውሸት አይደለም። እኔ ግን ጥሩ መምህር ማለት ምን እንደሆነ ያወቅሁት ከዚያ በፊት፣ ደሴ ዘጠነኛ ክፍል ስማር ነው።

ዘመኑ የፕላዝማ ነበር። ክፍላችን ውስጥ የብረት ሣጥን የተሠራለት ትልቅ ቴሌቪዥን አለ፤ ትምህርቱ ከአዲስ አበባ በሳተላይት ይመጣል፣ በእንግሊዝኛ፣ በጥድፊያ። አይቆምም፣ አይደገምም። የፕላዝማው ሰውዬ ይጠይቀንና፣ ጥያቄው ምን እንደሆነ እርስ በርሳችን ስንጠያየቅ «ጎበዞች፣ ልክ ናችሁ» ብሎን ያልፋል።

የፊዚክስ መምህራችን ፀጉራቸው የሸበተ ዝምተኛ ሰው ነበሩ። ግራ መጋባታችንን ፊታችን ላይ ሲያዩ ይነሡና ፕላዝማውን ያጠፉታል። ከዚያ በአማርኛ፣ ኮምቦልቻ ስንወርድ ሚኒባሱ ሐረጎ ላይ ሲታጠፍ ለምን ጎረቤታችን ላይ እንደምንወድቅ ይጠይቁናል። ሐረጎን የማያውቅ ልጅ የለም፤ ያንን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ሁላችንም ዐይናችንን ጨፍነን ወርደነዋል። መኪናው ቢታጠፍም ገላችን በጀመረው መንገድ ቀጥ ብሎ መሄድ እንደሚፈልግ የገባኝ ያን ቀን ነው።

ፕላዝማ ማጥፋት ግን ክልክል ነበር። ወሬው ምክትል ርዕሰ መምህሩ ጆሮ ደረሰ። እኔ የአንድ ለአምስት መሪ ነበርኩ፤ ተማሪዎች በቡድን ሆነን የምንረዳዳበት፣ እግረ መንገዳችንንም የምንጠባበቅበት አደረጃጀት ነው። ቢሮው አስጠራኝና በሴሚስተሩ መጨረሻ ግምገማ ላይ ተነሥቼ እንድናገር አዘዘኝ። ያጠፋሉ ወይስ አያጠፉም፣ ሌላ ሐተታ አያስፈልግም አለ። ልወጣ ስል ደግሞ ፈገግ ብሎ፣ ወላሂ ብለሽ ነው የምትናገሪው አለኝ። የማን ልጅ እንደሆንኩ ያውቃል።

ፈራሁ። እውነቱን ብናገር መምህሩን ወደ ሩቅ ገጠር ያዛውሯቸዋል፤ የታመሙ ባለቤታቸውን ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የሚያመላልሱት እሳቸው ብቻ እንደሆኑ እኛ ሰፈር ሆጤ የማያውቅ የለም። ብዋሽ ደግሞ በአላህ ስም መዋሸቴ ነው። እናቴን አማከርኳት።

«አብሽሪ ልጄ፣ አሞኛል ብለሽ ቅሪ» አለችኝ። ብቀር ሌላ ልጅ እንደሚያስነሡ ስነግራት ወደ ጓዳ ገባች። ፈሪ ለእናቱ ይባላል፤ እኛ ቤት ግን እናትየዋም ፈሪ ነበረች። በመጨረሻ ለመዋሸት ወሰንኩና፣ ሰግጄ ስጨርስ ገና ላልሠራሁት ኃጢአት ምሕረት ለመንኩ።

የግምገማው ቀን አዳራሹ ይቀዘቅዝ ነበር፤ በተሰበረው መስኮት የደሴ ጉም ይገባል። ምክትሉ ፕላዝማ ማጥፋት ልማትን ማደናቀፍ መሆኑን ሲያብራራ ቆየና ስሜን ጠራ። ተነሣሁ። ይኼኔ መምህራችን ከፊት ወንበር እጃቸውን አወጡ።

«ሥርዓቱ ይከበር» አሉ። «ግለሂስ ሳይቀድም ሂስ የለም።»

እውነታቸውን ነው፤ በግምገማ ሰው መጀመሪያ ጥፋቱን በራሱ አፍ ይናገራል፣ ሌላው የሚተቸው ከዚያ በኋላ ነው። ምክትሉ ይህን ደንብ ሲሰብክ ኖሮ በአደባባይ እንዴት ይጣሰው? ሳይወድ በግዱ ፈቀደ። መምህራችን ቆመው ፕላዝማውን እንደሚያጠፉ፣ ማንም ተማሪ እንዲያጠፉ እንዳልጠየቃቸው፣ ወደፊትም ልጆቹ ካልገባቸው እንደሚያጠፉ ተናገሩ። ከዚያ ወደ እኔ ሳያዩ፣ ይቺ ልጅ የምትጨምረው ስለሌለ ትቀመጥ አሉ። ተቀመጥኩ ከምል ወደቅኩ ብል ይቀላል።

ስንወጣ በሩ ላይ ደረስኩባቸው። ደስ የሚላቸው መስሎኝ፣ «ቲቸር፣ እኔ እኮ አያጠፉም ልል ነበር» አልኳቸው።

«አውቃለሁ» አሉ። «ፊትሽ ላይ አይቼዋለሁ። እኔም የፈራሁት መዋሸትሽን ነው።»

ሁለተኛው ሴሚስተር ሲጀመር ሌላ መምህር ገባ። እሳቸው ወደ ገጠር ተዛውረው ነበር። ባለቤታቸውን አሁን ቦሩ ሜዳ ማን ይወስዳቸዋል እያልኩ ተቀምጫለሁ። አዲሱ መምህር ፕላዝማውን ከፈተና ጥግ ይዞ ቆመ፤ እኛን አንድ ጊዜ እንኳ ቀና ብሎ አላየንም። የፕላዝማው ሰውዬ አንድ ነገር ጠየቀን። ማንም አልመለሰም።

«ጎበዞች» አለን፤ «ልክ ናችሁ።»