ቶርኖው የተገራበት ቀን

ይህ የሆነው ዓምና በታኅሣሥ መጀመሪያ ላሊበላ ውስጥ ነው። ዓመት ሊሞላው ቢሆንም የሞተር ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

በኤሌክትሪክ ምሕንድስና ተመርቄ የተመደብኩት በአንድ የእንጨት ሠራተኞች ማኅበር ነው። ሥራዬ በእጅ የሚዞሩትን መሣሪያዎች ከማኅበሩ ጄኔሬተር በሚመጣ ኤሌክትሪክ፣ በባለ ሦስት ፌዝ ሞተር እንዲሠሩ ማድረግ ነበር። እንጨት እያሽከረከረ የሚያስቀርጸውን ቶርኖ ቀድሞ ሁለት ሰዎች ትልቅ መንኮራኩር እየገፉ ያዞሩት ነበር። ሞተር ገጠምኩለትና መንኮራኩሩን «ከእንግዲህ አያስፈልግም» ብዬ አስፈረስኩት። ሰው ፊት መናገር ያስፈራኛል፤ ያችን ቃል ግን በድፍረት ተናገርኳት።

ለመቋሚያና ለወንበር እግር ሞተሩ ግሩም ሆነ። በኋላ ከገነተ ማርያም አንድ መሪጌታ የዋንዛ ግንድ በሰው ሸክም አስመጡ። ለልደት የሚደርስ ከበሮ ሊሠራበት ነው።

«አባቴ የተከሉት ነው፤ ሌላ የለንም። አደራ!» አሉ።

ግንዱን አስረን ሞተሩን ሳስነሳ ቶርኖው ከመሬት የሚነቀል እስኪመስል ተንቀጠቀጠ። ሠራተኞቹ ወደ ግድግዳው ሸሹ። አጥፍቼ ሞተሩንና ቶርኖውን የሚያገናኘው ቺንጋ የሚዞርበትን የሞተሩን ፑሌጃ በአነስተኛ ለወጥኩት። አሁንም ይፈጥናል። ግንዱ ጫፍ ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ታየች።

«ጓዲት፣ መንኮራኩሩን ማን ነበር ያስፈረሰው?» አሉ የማኅበሩ ሊቀ መንበር።

መሪጌታው ስንጥቋን በጣታቸው ደጋግመው ዳሰሱ።

ያን ጊዜ ጄኔሬተሩን የሚጠብቁት ሽማግሌ፣ ጋሽ ሰይድ፣ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ገቡ።

«እታለም፣ የኔው ሞተር ቢያዘግምስ?»

«የእርስዎን ከዚህ ምን አገናኘው?»

«ያንቺው እኮ የኔን ነው የሚከተል። ናፍጣ ሲያጥረኝ አለሳልሰዋለሁ። መብራቱ ይደክማል፤ ያንቺም ሞተር አብሮ ያዘግማል። አንቺ በወንበር እግር ተጠምደሽ አላየሽውም።»

ክው አልኩ። የሦስት ፌዝ ሞተር ፍጥነት የሚወጣና የሚወርደው ከሚመጣለት ኤሌክትሪክ ምት፣ ከፍሪኩዌንሲው፣ ጋር ነው፤ ጄኔሬተሩ ሲያዘግም ምቱም ይቀንሳል። ምቱን የሚለዋውጥ ውድ መሣሪያ እንዳለም ለፈተና ጽፌያለሁ። እሱ ከሌለ አይሆንም ብዬ ቆሜ ሳለሁ ጄኔሬተሩ ከግድግዳው ወዲያ ይጮህ ነበር።

ጋሽ ሰይድ ሄደው ነዳጁን ቀነሱ። ድምፁ ወፈረ፤ አምፖሉ ቀላ። ሞተሩን ሳስነሳ ግንዱ ሳይንቀጠቀጥ ቀስ ብሎ ዞረ። መሮው ሲነካው ቀጭን ፍቅፋቂ እየተጠቀለለ ወረደ። ስንጥቋም ጥልቀት አልነበራትምና ከፍቅፋቂው ጋር ሄደች። እኔ ሞተሩ እንዳይቃጠል ስለሰጋሁ እጄን ከላዩ አላነሳሁም።

«ሲሞቅ ንገሪኝ፣ እናሳርፈዋለን» አሉ ጋሽ ሰይድ በመስኮት። «በሬም ይፈታል።»

መሪጌታው ፈገግ አሉ። «ሰይድ፣ እንግዲህ ለልደት የምትመታው አንተ ነህ።»

«እርስዎ ይምቱት መሪጌታ፣ እኔ ናፍጣዬን ልጠብቅ!»

ልደት ዕለት ቤተ ክርስቲያን ከሴቶቹ መካከል ቆሜ ያ ከበሮ ሲመታ ሰማሁ። ሰውነቴን ውርር አደረገኝ።

አሁን ማንኛውንም ነገር ከመግጠሜም ሆነ ከማስፈረሴ በፊት ወደ ጄኔሬተሩ ቤት እሄዳለሁ። ዓይናፋርነቴ አለቀቀኝም። በሩ ላይ ትንሽ እቆምና ጥያቄዬን እጠይቃለሁ።