ጠዋት የምትረዝም፣ ከሰዓት የምታጥር

ቅምቅማት ዛሬም የትምህርት ቤት ደወል በሰማች ቁጥር እጇ ሳታዝዘው መርፌ ፍለጋ ይሄዳል። የቀትሩ ደወልማ ጨርሶ አያስቀምጣትም። ስሙን ያወጡላት የሰፈሩ ሴቶች ናቸው። በልብስ ሰፊው ሱቅ ሥራዋ ቁልፍ መትከልና የቀሚስ ጫፍ መቀምቀም ነበርና እናት አባቷ ያወጡላትን ስም ለመጠየቅ የተቸገረ የለም።

ድንበር ተሻግራ የመጣችው የሟች እህቷን ሁለት ሴት ልጆች ይዛ ነው። ታላቅየዋን ቁመቷን አይተው ሸንበቆ አሏት፤ ታናሽየዋን ድቡልቡል። ርእሰ መምህሩ ደግ ሰው ነበር፤ ፈገግ ብሎ፣ "ለስደተኛ ልጆች ትምህርቱ በነፃ ነው፣ ዩኒፎርም ብቻ ይሟላ" አላት። ያቺ "ብቻ" የቤት ኪራይ ታህል ነበር። ጨርቁ ደግሞ ከትምህርት ቤቱ ሱቅ ካልተገዛ በሩን አያልፍም።

አንድ ጉርድ ቀሚስ ገዛች፤ ለሁለት።

ሸንበቆ የጠዋት ፈረቃ ገባች፣ ድቡልቡል የከሰዓት። ቀትር ላይ ሸንበቆ እያለከለከች ትደርሳለች፤ ቀሚሱ ይወልቃል፤ ድቡልቡል ትለብሰውና በርጩማ ላይ ትወጣለች። ቅምቅማት መርፌዎቹን በከንፈሯ ይዛ ጫፉን ወደ ላይ ታጥፋለች።

"ዙሪ።"

"ዞርኩ እኮ፣ አክስቴ!"

"ሆድሽ ዞረ እንጂ አንቺ መች ዞርሽ?"

ማታ ክሩ ይፈታል፣ ቀሚሱ ይረዝማል። ጎረቤቶችማ፣ "ሴትዮዋ ያላት አንዲት ልጅ ናት፤ ጠዋት ትረዝማለች፣ ከሰዓት ታጥራለች" ብለው ማውራት ጀምረው ነበር። አንዷ ጠበል ይሞከር እስከማለት ደርሳለች።

ዓመቱ እንዲህ በሰላም ሊያልቅ ሲል የማጠቃለያው ፈተና ለሁሉም ጠዋት ሆነ። የቀረ ክፍሉን ይደግማል። ቅምቅማት አሠሪዋን ብድር ለመነች፤ እሱም ያንኑ ሰሞን እየተበደረ ነበር የሚበላው። ድቡልቡል፣ "እኔ ልቅር፣ ትንሽ ነኝ፣ ልድገመው" አለች። ይሄን ያለችው ግን ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ነው።

በፈተናው ጠዋት ሸንበቆ ቀሚሱን ከቤት ልብሷ ላይ ደርባ በበሩ ገባች። ከዚያ በጓሮ ዞራ በአጥሩ ላይ ወረወረችው። ቅምቅማት ድቡልቡልን አጠገቧ አቁማ፣ ከአጥሩ ሥር ቁጢጥ ብላ መቀምቀም ስትጀምር ክሩ ተበጠሰ። ደጋግማ ብትሞክርም ክሩ በመርፌው ቀዳዳ አልገባ አላት። ቀና ስትል ሽማግሌው ዘበኛ ቆመዋል።

"አንቺ ሴትዮ፣ አጥሬ ሥር ምን ትሠሪያለሽ?"

"እየቀመቀምኩ ነው ጋሼ። እያረስኩ መሰለዎት?"

ዘበኛው ቀሚሱ ላይ ያለችውን የቀለም ጠብታ በጣታቸው ነኩ። "ይቺን ጠብታ ጠዋት በረጅም ልጅ፣ ከሰዓት በአጭር ልጅ ላይ ሳያት ከረምኩ። ዕውር አደረግሽኝ እንዴ?"

ድቡልቡል ማልቀስ ጀመረች። ሽማግሌው ጉልበታቸውን ይዘው እያቃሰቱ ቅምቅማት አጠገብ ቁጭ አሉና መርፌውን ተቀበሏት። የክሩን ጫፍ በምራቃቸው አርሰው፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ስተው፣ ረግመው፣ በስንት መከራ አስገቡላት።

"ቶሎ በይ፣ ደወሉ ሊደወል ነው።"

"ውስጥ ያለችውስ ጋሼ? በቤት ልብስ ናት።"

"የኔ ሥራ በሩ ነው" አሉ እየተነሱ። "ከገባች በኋላ ምን እንደለበሰች ደመወዝ የበዛላቸው ይጨነቁበት።"

ፈታኙ ሸንበቆን ከላይ እስከ ታች አየና ወረቀቱን ሰጣት። ሁለቱም አለፉ።

ዛሬ ሁለቱም የየራሳቸው ቤት አላቸው፤ ለቅምቅማት በየበዓሉ ከሚያመጡላት ቀሚስ ብዛት ሣጥኑ አልከደን ብሏል። እሷ ግን የምትናፍቀው ያንን ጠባብ ክፍል ነው፦ ሸንበቆ ቆማ ምሳዋን ስትጎርስ፣ ድቡልቡል በርጩማው ላይ ስታጉረመርም። ባለፈው ሊጠይቋት መጥተው ያንን ጉርድ ከሣጥኑ ሥር አወጡት። ጫፉ ከመርፌው ብዛት ወንፊት ሆኗል።

"ለዚች ጨርቅ ነው ያን ሁሉ የተሯሯጥነው?" አለች ሸንበቆ።

ይሄኔ ከማዶ የቀትሩ ደወል ተደወለ። የቅምቅማት እጅ ወደ መርፌው ሄደ። ድቡልቡል አየቻት። የሦስት ልጆች እናት ናት፣ ወገቧም ያው እንደ ስሟ ነው። ጉርዱን ሆዷ ላይ ለጥፋ ይዛ በርጩማው ላይ ወጣች።

"ልዙር፣ አክስቴ?"

"ቀስ ብለሽ" አለች ቅምቅማት፣ መርፌውን በከንፈሯ ይዛ። "በርጩማው ያኔም አልቻለሽ።"