ቅንድቧ ከፍ ካለ ቁረጥ ነው

አክስቴ ልብስ ሰፊ ናት፤ ባሏ ደግሞ ቆራጭ። በአንዲት ጠባብ ክፍል፣ እሷ ደንበኛ እየለካች፣ እሱ ጠረጴዛው ላይ መቀስ ይዞ፣ አብረው አርጅተዋል። እስፒል በጥርሷ ስለምትይዝ አፏ ለወሬ አይመችም። ስለዚህ በሥራ ሰዓት በቅንድብ ነው የሚግባቡት፤ ቅንድቧ ከፍ ካለ «ቁረጥ»፣ ዝቅ ካለ «ቆይ» ማለት ነው።

ዕድሜ መጣና ቅንድቧ ወርዶ ዓይኗ ላይ ተጫነ። ሰፈርተኛው «እትዬ ኩርፊያ» ይላት ጀመር። እሱን ችላዋለች። ያልቻለችው የባሏን ነገር ነው፤ ጠዋት ማታ «ምን ሆነሻል? ተቀየምሽኝ?» ይላታል። «ምንም አልሆንኩም» ብትለው አያምናትም። ስንት ዘመን የተስማማ ትዳር በቅንድብ ሰበብ ሊሻክር ሲል እኔን አናደደኝ።

ጎረቤቷ ፀጉር ሠሪዋ በፕላስተር ወደ ላይ ሳበችላት፤ ላብ ሲነካው ተላቀቀ። በመጨረሻ ይዣት ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ሐኪሟ ረጋ ብላ አስረዳቻት።

«ቀዶ ጥገናው ብዙ ዓመት ይቆይልዎታል፣ እናቴ። ጠባሳ ግን ሊተው ይችላል።»

«መቁረጥና መስፋትማ የኛም ሥራ ነው፤ ለዚህ ነው የምፈራው።»

«ከቆዳ ሥር ክር አስገብቶ መሳብም አለ። እሱ እየቆየ ይላላል።»

«ክር እኔም ቤት ሞልቷል።»

የቀረው መርፌ ነበር። ቅንድብን ወደ ታች የሚጎትተውን ጡንቻ ያላላዋል፤ ከጥቂት ወራት በኋላም ኃይሉ ያልቃል። መርፌ መቼም አትፈራም፤ ተወጋች።

ሰንበት ሲል ቅንድቧ ቀና አለ። ባሏም ፊቷን እያየ ደስ አለው፤ «ምን ሆነሻል» ማለቱን ተወ።

አንድ ቀን ታዲያ የአንድ ጠበቃ ኮት እጅጌ ስትለካ፣ ባሏ ጨርቁን ዘርግቶ ቀና ብሎ አያት። «ቆይ» ልትለው ፈለገች፤ ቅንድቧ አልወርድ አለ። እሱ መቀሱን ሰደደው። እጅጌው ለጠበቃው ሳይሆን ለልጁ የሚሆን ሆኖ ቀረ።

ጠበቃው ተቆጥቶ ሲወጣ፣ ባሏ ዞሮ አፈጠጠባት። «ጨርቅ ተበላሽቶ አንቺ ደስ ብሎሻል?»

እስፒሎቹን አንድ በአንድ ከአፏ አወጣች። «ተናድጃለሁ» አለችው። «ይሄ ፊት ተናዶ ነው።»

«በፊትስ?» አላት። «ስታኮርፊኝ የከረምሽው ሁሉ ቅንድብ ነበር?»

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይላሉ፤ የአክስቴን ያወጣው መርፌ ነው።

«ግማሹ ቅንድብ ነበር» አለችው። «ግማሹ አንተ ነህ።»

ባሏ መቀሱን አስቀምጦ፣ በርጩማ ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ።