ሳር ይዘው የመጡት ሽማግሌዎች

አባቴ ክፉ ሰው አይደለም፤ የማያውቀው ነገር ግን አይዋጥለትም። ሰበታ ያደገ የኦሮሞ ልጅ ሊያገባኝ እንደሚፈልግ እናቴ ስትነግረው፣ «ልጁ ጨዋ ይሆናል። ግን ወጋቸውን አናውቅ፣ ወጋችንን አያውቁ። ነገ ቢያስከፏት ማን ጋ ሄደን እንናገራለን?» አለ። በስንት ልመና ሽማግሌ ይምጣ አለ። እምቢ ቢል ኖሮ ሳለቅስ እከርም ነበር እንጂ ያለ እሱ ምርቃት ከሰፈራችን ከቤቴል ንቅንቅ አልልም ነበር።

ቀኑ እሑድ ተባለ። እኛ ቤት ሽማግሌ እሑድ ይመጣል ማለት ከቅዳሴ በኋላ፣ ኮቱን ለብሶ፣ ረፋዱ ላይ ይመጣል ማለት ነው። እናቴ ቅዳሜን ሙሉ የሶፋ ጨርቅ ስታጥብ ዋለች። እኔም ጦር ኃይሎች ሰፈር ካለ ሱቅ የገዛሁት ቀሚስ ትከሻው ጠቦኝ ስነጫነጭ ዋልኩ።

እሑድ ገና ጎሕ ሲቀድ የግቢው በር ተንኳኳ። እናቴ ሻሿን እንኳ በቅጡ ሳታስር ወጣች። በመስኮት ሳይ፣ ጋቢ የደረቡ ሦስት ሽማግሌዎች እርጥብ ሳር ጨብጠው ደጅ ቆመዋል።

«ዛሬ አንገዛም አባቶቼ» አለቻቸው። «ለበዓል ስትመጡ እንወስዳለን። እስቲ ጎረቤት ሞክሩ።»

በሩንም ዘጋችው።

ክው አልኩ። ልጁ አንድ ቀን፣ «እኛ ጋ ሽማግሌ የሚሄደው በማለዳ ነው፤ እርጥብ ሳር ይዞ» ብሎኝ ነበር። እኔ ሆዬ ስለ ቀሚሴ ሳስብ ለእናቴ መንገሩን ረሳሁት። እስከ ዛሬም አልተናዘዝኩላትም።

«እማዬ፣ ሽማግሌዎቹ እኮ ናቸው!» ብዬ ስጮህ አባቴ በቢጃማው ከመኝታ ቤት ብቅ አለ።

በሩ ሲከፈት ሰዎቹ ካሉበት አልተነቃነቁም። ትልቁ ሽማግሌ እንባው እስኪፈስ ይስቃል። «የኔ እናት፣ እኛ ሻጭ አይደለንም፣ ለማኝ ነን» አላት። «ልጅ ልንለምን ነው የመጣነው።»

እናቴ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ወደ ጓዳ ሮጠች። አባቴ አስገብቷቸው «ተቀመጡ» ቢላቸው፣ «ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም» አሉ። ይኼ እንኳ የእኛው ወግ ነበር፤ የእኛም ሽማግሌ እሺ ካልተባለ ወንበር አይነካም። እናቴ ግን በሩን ስለዘጋችባቸው ተቀይመው መስሏት ጓዳ ውስጥ እጇን ታፋትጋለች።

አባቴ የሚለውን ቅዳሜ ማታ ሲለማመድ ሰምቼዋለሁ፦ «ዘመድ ላማክርና በአሥራ አምስት ቀን ተመለሱ።» በመጀመሪያው ቀን ልጅ የሚሰጥ አባት የለም። ሰዎቹን ግን ትክ ብሎ አያቸው፤ አንደኛው አሁንም ሳቁን ሊውጠው ይታገላል።

«ደጄ ላይ በር ተዘግቶባቸው የሚስቁ ሰዎች» አለ አባቴ ቀስ ብሎ፣ «ልጄ ብታጠፋም በሳቅ ያልፉላታል። ሰጥቻችኋለሁ።»

ትልቁ ሽማግሌ ደነገጠ። «በመጀመሪያው ቀን? እኛ እኮ ለሦስት ምልልስ ተዘጋጅተን ነው የመጣነው!» ቅር ያለው ሁሉ መሰለኝ። እነሱ ጋም ለካ ደጅ ማስጠናት አለ።

ያኔ ተቀመጡ። እናቴ ሳሩን ከእጃቸው ተቀብላ ሳሎኑ ላይ ጎዘጎዘችው። በእነሱ ወግ እንዲያ ይደረግ እንደሆነ የጠየቀ የለም። እኔ ከጓዳው በር ጀርባ እየሳቅኩ አለቅሳለሁ።

አባቴ ወደ ተደበቅኩበት ዞረ። «ነይ ውጪ እንጂ» አለኝ፤ «ሳሩን እኮ ገዛነው።» ሊስቅ ፈልጎ ነበር፤ ድምፁ ግን ተሰበረበት።