የፋሲካው ቅቤና የአያ ደምሌ አፍንጫ

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ሀብታሙ የመመረቂያ ጽሑፉን ሊያሳየኝ መካነ ኢየሱስ ከተማ ወዳለው ቤቴ መጣ። ጡረታ ብወጣም የቤተሰቡ የሒሳብ መምህር እኔው ነኝ። ጽሑፉ ሰው ስለሚቀዳው አንድ ምንጭ ነው፤ የዚያን ጠዋት የቀዳውን ውሃም በጠርሙስ ይዞ ነበር። እስከ መጨረሻው ገጽ ደህና አነበብኩ። እዚያ ግን "ብክለት ስላልተገኘ የምንጩ ውሃ ንጹሕ መሆኑ ተረጋግጧል" ይላል። አፌ ሞራ ሞራ አለኝ። ይህን ያህል ዘመን አልፎም ያ ጣዕም ከላንቃዬ አልለቀቀም።

ነገሩ የሆነው አርብ ገበያ ነው፤ ኮሌጅ ገብቼ አንደኛ ዓመቴን ሳጋምስ፣ ለእረፍት ወደ ጋይንት በተመለስኩ ጊዜ። ሁዳዴ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ቀርቶት ነበር። የፋሲካ ቅቤ የሚገዛው ያኔ ነው፤ ጾም ስለሆነ ግን ቀምሶ የሚገዛ የለም። ዳኛው አፍንጫ ብቻ ነው። የገበያው አፍንጫ ደግሞ አያ ደምሌ ነበሩ፤ ቅቤ ሲነግዱ ያረጁ ሽማግሌ። ሰው ሁሉ ቅሉን ሳያስሸትታቸው አይገዛም፤ እሳቸውም ከ"እግዜር ይስጥልኝ" በቀር የሚቀበሉት አልነበረም።

የዚያን ዕለት ጠዋት እናቴ የእትዬ የሺን ቅቤ ልትገዛ ፈልጋ ቅሉን አያ ደምሌን አስሸተተቻቸው። ፊታቸውን አዞሩ።

"ይኸ ሞራ ገብቶበታል፤ ተይው።"

እትዬ የሺ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ተነሡ። "የማሳ ድንበር ቂም ነው! የልጆቼን ጉሮሮ ሊዘጉ!"

ሰው ለሁለት ተከፈለ። እኔም ሳይጠሩኝ አቤት አልኩ። ስታትስቲክስ የሚባል ትምህርት ጀምሬ ስለነበር ዓለም ሁሉ ፈተና የጎደለው ይመስለኝ ነበር። "አያ ደምሌ በግምት ነው የሚናገሩ እንበል" አልኩ ለተሰበሰበው ሰው፤ "ግምት አለመሆኑን እሳቸው ያሳዩን።" ከእትዬ የሺ ቅል ሦስት ቁራጭ፣ አክስቴ ራሷ ንጣ ለገበያ ካመጣችው ቅቤ ሦስት ቁራጭ ወሰድኩና በስድስት ቅጠል ላይ አደባልቄ ደረደርኩ። የእትዬ የሺን ሦስቱን እንዲለዩ ነግሬ የሽማግሌውን ዓይን በነጠላ አሰርኩ። ስድስቱንም ከለዩ ግምት ነው ማለት ይከብዳል፤ በግምት እንዲያ የሚሆነው ከሃያ አንዴ ነውና። ሒሳቡን መዳፌ ላይ በእስክሪብቶ ጽፌው ነበር። እንዴት ያለ ኩራት ነበር!

የበልግ ጉም ከገደሉ እየወጣ ነበር፤ ቅቤው እንደ ድንጋይ ጠጥሯል። አያ ደምሌ እጃቸውን ዘረጉ።

"በመዳፌ ላሙቀው።"

"አይቻልም፣ መንካት ክልክል ነው።"

"እንግዲያስ ፀሐይ ትውጣ። ቅቤ ምስጢሩን የሚያወጣ ሲላላ ነው። እኔ ብርድ አላሸትም፣ ልጄ።"

"ገበያው ይፈታል፤ አሁኑኑ ይሁን" አልኩ። ምን አስቸኮለኝ? ሰው ሁሉ እኔን እያየ ነበር፤ ሌላ ምክንያት አላገኘሁለትም።

ከስድስቱ አራቱን አገኙ። ዝም ብሎ የሚገምት ሰውም ከሁለት አንዴ ይህን ያህል ወይም ከዚያ በላይ ያገኛል። ስለዚህ ማለት የነበረብኝ "በዚህ ፈተና አልታወቀም" ብቻ ነበር። እኔ ግን ድምፄን ከፍ አድርጌ "ቅቤው ንጹሕ ነው!" አልኩ።

"የተማረ ይግደለኝ!" አሉ እትዬ የሺ፣ እልል ብለው።

"አያ፣ አፍንጫዎን ጉንፋን ያዘው እንዴ?" አለ አንድ ጎረምሳ። ሰው ሳቀ። አያ ደምሌ ነጠላውን ከዓይናቸው ፈቱ፣ አጣጥፈው ሰጡኝና በትራቸውን ይዘው ሄዱ። በሚቀጥለው አርብ ቅል ያቀረበላቸው አልነበረም፤ ከዚያ ወዲያ መምጣቱንም ተዉት።

እናቴ በእኔ ቃል የገዛችውን ያንን ቅቤ ስታነጥረው ሽታው አላማራትም ነበር። "ልጄ መርምራዋለች" ብላ ኮሰረት ጨመረችበት።

ፋሲካ ጠዋት የዶሮ ወጡ የመጀመሪያ ጉርሻ ላንቃዬ ላይ ተጋገረ። ሻማ የጎረስኩ መሰለኝ። ድስቱ ቀዝቀዝ ሲል ላዩ ላይ ነጭ ቆዳ ያዘ። አባቴ በማንኪያ ጫፍ አነሣውና "የምን ከብት ሞራ ይሆን? የታረደ ወይስ የሞተ?" አለ። እናቴ ሃምሳ አምስት ቀን ጾማ የገደፈችበትን ጉርሻ ደጅ ወጥታ አስመለሰችው። እኔም ከኋላዋ። እትዬ የሺን ተጸየፍኳቸው፤ ከእሳቸው ይልቅ ግን ራሴን ተጸየፍኩ። መዳፌ የሸተተኝ ይመስል በአመድ አሸሁት።

በማግስቱ አያ ደምሌ ቤት ሄጄ አጥሩ ሥር ቆሜ ይቅርታ ጠየቅኳቸው።

"ፀሐይ ትውጣ ብዬሽ ነበር" አሉ። ገበያ አልተመለሱም። ሳቁን ገበያው ሁሉ ሰምቶታል፤ ይቅርታዬን የሰማው ግን አጥሩ ብቻ ነው።

"ስንት ጊዜ ቀድተህ መረመርክ?" አልኩት ሀብታሙን።

"አራት ጊዜ፣ አክስቴ።"

"መቼ መቼ?"

"ጥር ላይ ነው ሁሉም። መንገዱ ደረቅ ስለሆነ።"

"ዝናቡ ሳይጥል? የከብቱ አዛባ ታጥቦ ሳይገባበት?"

 ጠርሙሱን ከፍቼ ብርጭቆ ሞላሁና ጽሑፉ ላይ አስቀመጥኩለት። ማታውን ዝናብ ጥሎ ስለነበር ውሃው ደፍረስ ብሏል። "ተረጋግጧል ብለህ የለም? በል ጠጣ።"

ብርጭቆውን አየ፣ እኔን አየ፤ አልነካውም። ያላገኘነውን ሁሉ የለም ማለት እንዴት እንደሚቀልል አውቃለሁ፤ የሚበላው ደግሞ ሌላ ሰው ነው።

"ታዲያ ምን ብዬ ልጻፍ?"

"በዚህ ምርመራ አልተገኘም፣ ንጹሕ መሆኑን ግን ገና አላወቅንም በል።"

"እንዲህማ ብሎ መጻፍ ያሳፍራል፣ አክስቴ።"

"የሚያሳፍረውንስ እኔ በልቼዋለሁ" አልኩት።